ባናውን መልሺው

ደብረ ብርሃን ኅዳር ነው፤ ውርጩ መስኮቱን ልሶታል፤
የበሬሳ ዳሩ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ መስሏል።
እኔ በክንዴ ላይ አንድ ባና ይዤ፣
ከአልጋህ ራስጌ ቆምኩ ፈዝዤ።

ባናው የመንዝ ነው፤ የጥቁር በግ ፀጉር፣
እናቴ የፈተለችው በክረምት፣ ከእሳት ዳር፤
ለሙሽርነታችን ሰጥታን ነበር ያኔ፤
ከሙቀቱ ይልቅ ክብደቱን ነበር የምወደው እኔ።

አንተ ግን ራቁትህን፣ ደረትህ ላይ ሽቦ፣
አፍህ ላይ በፕላስተር የተያዘ ቱቦ፣
ብብትህ ውስጥ በረዶ፣ ብሽሽትህ ውስጥ በረዶ፤
የስንቱን ቤት ያሞቀ ሰው እንዲህ ይተኛል ተዋርዶ?

ሃያ ስድስት ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
የተበጠሰ ክር ስትቀጥል፣ ማሽን ስትነካካ፤
ከሐረር እስከ ጎሬ የማታውቀው ሕፃን ተኝቷል በእጅህ ሥራ፤
አንተን ግን አንሶላ ነሱህ በራስህ ተራ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፈረቃ ሲቀየር፣
ከበሩ ዘበኛ ጋር ስትሳሳቅ ነበር፤
እንዲያ ነው ያሉኝ። ከዚያ ወደቅህ፣ እንደ ጆንያ፤
«ወንድይፍራው ሞተ!» ብለው ጮኹ ሴቶቹ ከወዲያ።
ሸዋዓለም የሚሉት ጎረምሳ ግን፣ ቀይ መስቀል ያሠለጠነው፣
ደረትህን እንደ በርበሬ ወቀጠው፤ ሁለት ጎድንህን ሰበረው።
(አልተቀየምኩትም።)
አምቡላንሱ ሲያደርስህ በኤሌክትሪክ መቱህ፤
ሁለቴ ሄደህ ሁለቴ መለሱህ።

«ባናውን መልሺው» አለች ሲስተር ምጥን፣
ዓይኗ ከቁጥሩ ላይ፣ ከሙቀትህ መጠን።
«ልቡ ተመልሷል፤ አንጎሉ ግን ገና፣
አየር አጥቶ ቆይቷል፤ ታፍኖ ነበርና።
አሁን ከሞቀማ የተረፈው ይነዳል፤
የቀዘቀዘ ነገር በትንሽ ይኖራል።
ሠላሳ ሦስት ላይ አንድ ቀን ከሌሊት ይቆይ፤
ከዚያ እናሞቀዋለን፣ በጥቂት በጥቂት፣ እንደ ኅዳር ፀሐይ።»

ሠላሳ ሦስት! የጌታ ዕድሜ ነው አልኩ በሆዴ፤
ደግ ምልክት ይሁን ክፉ፣ ጠፋኝ መላ ዘዴ።
እኛ አገር ሞት ሲመጣ ከእግር ይጀምራል፤
ጎረቤት ዳስሶ «ቀዝቅዟል» ሲል ይለቀሳል።
እግርህን ዳሰስኩት።
ቀዝቅዟል።
አላለቀስኩም፤
አለማልቀስ እንዲህ እንደሚያደክም ከዚያ በፊት አላወቅኩም።

ሌሊት ስምንት ሰዓት መብራት ሄደ፤ የፍሪጁ ላብ ተንጠፈጠፈ፤
ጄኔሬተሩ መተንፈሻህን ብቻ ይዞ ተረፈ።
«በረዶ አለቀ» አለች። ወጣሁ ወደ ጓሮ፤
የማጠቢያው ገንዳ መስታወት ለብሷል፣ በውርጩ ታስሮ።
በድንጋይ ሰበርኩት፤ ጣቴ የተቆረጠ መሰለኝ፤
ዕድሜዬን የሸሸሁት ብርድ ያን ሌሊት ታዘዘኝ።
በምን ልሸከመው? ባናዬን ዘረጋሁ፤
ስባሪውን በሱፍ እንደ አራስ ልጅ አቀፍሁ።
ጠብ አላለም እስክደርስ። ለካስ ሱፍ አይመርጥም፤
የሰጡትን ይይዛል፤ ብርድም ቢሆን፣ ሙቀትም።

ያን ጊዜ አየችኝ ምጥን። ፊቴን። ቁጥሩን ትታ፣ ገና።
«መልሺው» አላለችም፤
ከአልጋህ ሥር አደረ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ያ ባና።

አሁን ሁለተኛው ንጋት ነው። ሩብ ሩብ ዲግሪ ያሞቁሃል በሰዓት፤
በጣቴ እቆጥራለሁ እንደ ጸሎት፤ አለፍን ሠላሳ አራት።
ትነቃለህ አላሉኝም። አትነቃም አላሉኝም።
«እንጠብቅ» ይላል ዶክተሩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ቅድም ግን አገጭህ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ፣ በስተግራ፤
ምጥን መድኃኒት ልታመጣ ሮጠች፤ ይህ ለእሷ ሌላ ሥራ፤
እኔ ግን አውቀዋለሁ ያን መንቀጥቀጥ፤
ለፈረቃ ስትነሣ፣ ባዶ እግርህ ሲሚንቶውን ሲረግጥ፣
«እፍፍ» የምትለው፣ እኔን ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ፤
ነቅቼ የምሰማው፣ የተኛሁ መስዬ፣ በዝምታ።

ጆሮህ ሥር ጎንበስ አልኩና፣
በርዶሃል አይደል? አልኩህ።
ወንድይፍራው፣ በርዶኛል በለኝ።